አብዝቶ መዳን

ስልኩ ሲጮህ ሙግቴ በጀርባዋ ተኝታ፣ ግማሽ አካሏን ከወጥ ቤቱ ሲንክ ሥር ከትታ፣ የመገጣጠሚያ ማሸጊያ የቴፍሎን ጥቅሏን በጥርሷ ነክሳ ነበር። "ይጩህ!" ብላ በልቧ ተወችው። ስልኩ አረፍ አለና እንደገና ጀመረ። ደግሞ አረፈ፤ ደግሞ ጀመረ። እንዲህ ያለ ፋታ የማይሰጥ አደዋወል የምታውቀው ከአንድ ሰው ብቻ ነው። መፍቻውን ጥላ እየተንፏቀቀች ወጣች።

"አቤት እማዬ።"

"ሆስፒታል ነን" አለች እናቷ። "አባትሽ ደረቱን ይዞታል።"

"መቼ?"

"እኔ ምን አውቄ! ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ላቡ ይንቆረቆራል፣ መልኩ አመድ መስሏል። 'ምንም አልሆንኩም' ይለኛል ደግሞ። ቶሎ ነይ ብቻ።"

ሙግቴ የቤቱን ዋና ቫልቭ ዘጋች፤ እጇ ስለለመደ እንጂ አስባበት አልነበረም። የቤቱ ባለቤት ሕፃን ታቅፋ በር ላይ ቆማለች። "አባቴ ታሞብኛል። ውሃው ተዘግቷል፣ ይቅርታ" አለቻት። ሴትየዋም "ሂጂ ሂጂ! ለዛሬ በባልዲ እንሆናለን" አለች። አሮጌዋ ፒክአፕ እንደ አመሏ አንዴ አጉረምርማ፣ በሁለተኛው ሙከራ ተነሣች።

መንገዱን ሙሉ በጆሮዋ ሲያቃጭል የነበረው አንድ ቃል ነው። አይሆንም። ዛሬ ጠዋት ሻይ ላይ ለአባቷ ያለችው ቃል። አፏን አዳልጧት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መልሳ ልትውጠው አልቻለችም።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ "አይሆንም" ማለት ምን ነውር አለው ያሰኛል። እነሱ ቤት ነውር ነበረው።

አባቷን ሰፈሩ የሚያውቀው "ብረቱ" በሚል ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ በብረት ቧንቧ ሲሠራ ኖሮ፣ የፕላስቲክ ቧንቧ ሲመጣ "ይሄ የልጆች መጫወቻ ነው" ብሎ ፊቱን ያዞረ ሰው ስለሆነ ነው ስሙ የወጣለት። እሷን ሙግቴ ያላትም እሱ ራሱ ነው። እሱ እንደሚለው አፏን የፈታችው "አባባ" ብላ ሳይሆን "ለምን?" ብላ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ ሙግቱ ደሞዝ እንደማይከፈለው ሦስተኛ ሠራተኛ አብሯቸው ይውል ነበር። ደንበኞች መጀመሪያ ይደነግጣሉ፤ ኋላ ወንበር ስበው ያዳምጣሉ። ማታ ሲገቡ ሁለቱም ድምፃቸው ሰልሎ፣ ሁለቱም "እኔ ነኝ የረታሁት" እያሉ ነበር።

ከስምንት ወር በፊት ግን፣ አንድ ጅምር ፎቅ ላይ፣ ብረት ይሁን ፕላስቲክ በሚለው የዘወትር ክርክራቸው መሐል፣ ብረቱ ነገሩን ሳይጨርስ ደረቱን ይዞ ተቀመጠ። ልቡን የሚመግበው የደም ሥር ጠብቦ ኖሯል። ሐኪሞቹ ሥሩን በፊኛ ከፍተው፣ ተመልሶ እንዳይዘጋ ስቴንት የሚሉትን ትንሽ የሽቦ መረብ አስገቡለት። የሥራ ጓደኞቹ ሊጠይቁት መጥተው "ብረቱ ብረት ገባበት!" እያሉ አሳቁት። እሱም ሳቀ። ሙግቴ ብቻ አልሳቀችም። ከመቀመጡ በፊት የመጨረሻውን ቃል የተናገረችው እሷ ነበረች።

ከሆስፒታል በወጣ ዕለት እናቷ ወጥ ቤት ጠርታ በሩን ዘጋችና፣ "ስሚ" አለቻት። "ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት ማንም ለዚህ ሰው 'አይ' እንዳይለው። ግፊቱን እንዳትጨምሩበት።"

ግፊት የሚለው ቃል ለሌላ ቤተሰብ የሐኪም ቃል ነው። ለእነሱ የሥራ ቃልም ነው። ግፊት ሲበዛ ደካማው መገጣጠሚያ ይፈነዳል፤ መፍትሔው ቫልቭ መዝጋት ነው። ይህን እናትየውም ታውቃለች፤ የቧንቧ ሠራተኛ ሚስት ሆና ነው የኖረችው። ስለዚህ ዘጉት። ብረቱ ሻዩ ቀዝቅዟል ሲል፣ እሺ። ሻዩ አቃጠለኝ ሲል፣ እሺ። ሬዲዮው ይነሣ፣ እሺ፤ ይመለስ፣ እሺ። ሙግቴ ባለቤቶቹ ፕላስቲክ የፈለጉባቸውን ሁለት ቤቶች እየለመነችና እየተቆጣች በብረት ዘረጋች፤ አባቷ ያለው ነዋ! እንቁላል እንደ ተሸከመ ሰው በአባቷ ዙሪያ እየተራመደች ስምንት ወር ኖረች።

ዛሬ ጠዋት ብረቱ ሻዩን እያማሰለ፣ "የያዝነውን የአራት ፎቁን ሙቅ ውሃ መስመር በብረት ዘርጊው" አላት። ባለፎቁ የፕላስቲኩን ቧንቧ ገዝቶ፣ አስጭኖ፣ ምድር ቤት ከምሮታል። ግድግዳውም ለእሱ በሚሆን ልክ ተቦርቡሯል። ሙግቴ ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ነበር፤ አፏ ከልቧ ሳይማከር፣ "አባባ፣ ይሄ እንኳ አይሆንም" አለች።

የእናቷ ማንኪያ አየር ላይ ቆመ። ብረቱ ቀና ብሎ አያት። ሻዩን ጨልጦ ተነሣና ወጣ። ከዚያ በኋላ የሰማችው ይህን የስልክ ጥሪ ነው።

ሆስፒታል ስትደርስ አባቷን አስገብተውታል። እናቷ የመጠበቂያው ክፍል አግዳሚ ላይ የእሱን ጫማ ታቅፋ ተቀምጣለች። ጫማውን ለምን እንደ ያዘችው ራሷም የምታውቅ አትመስልም።

"ምን አሉ?"

"ልባቸውን እናያለን አሉና ወሰዱት። በእጁ በኩል ነው አሉ የሚገቡት።"

"ተናገረ? ያወራል?"

"ያወራል እንጂ! 'ጫማዬን በደንብ ያዢው፣ አዲስ ነው' አለኝ።" እናቷ ጫማውን አስተካክላ ያዘችና፣ "እኔ እንግዲህ ምንም አላልኩም" አለች።

ይህ አነጋገር ምን ማለት እንደ ሆነ ሙግቴ ታውቃለች። እናቷ ክፉ ሰው አይደለችም። ምንም አላልኩም ስትል ግን ብዙ ብላለች።

"እማዬ፣ ሆን ብዬ አይደለም እኮ።"

"ማን ሆን ብለሽ ነው አለ?"

ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኮሪደሩ የወለል ማጽጃ ይሸታል። ፊት ለፊታቸው ከግድግዳው ላይ የእጅ መታጠቢያ አለ፤ ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ፣ ይላል። በሌላ ቀን ቢሆን ሙግቴ ተነሥታ ታጠብቀው ነበር። ዛሬ ግን እያንዳንዱ ጠብታ "አይሆንም፣ አይሆንም" የሚላት መሰላት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል አሉ። ስምንት ወር ሙሉ ስትፈራው የኖረችው ነገር በአንድ ስኒ ሻይ ላይ ደረሰ።

አፏን በመዳፏ ከድና ተሳለች። አምላኬ፣ ይህን ሰው መልስልኝ እንጂ፣ ዕድሜ ልኬን እሺ እለዋለሁ። ብረት ካለ ብረት። ባለፎቁን እለምነዋለሁ፤ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። የዘረጋሁትን ሁሉ ነቅለሽ እንደገና ዘርጊ ቢለኝም እሺ። ተሳለችና ትንሽ ቀለል ያላት መሰላት። ወዲያው ደግሞ፣ እንዲያ ሆና የምትኖረውን ቀሪ ዕድሜ አሰበችና ሆዷ ባባ።

በሩ ተከፈተ። አጠር ያለች፣ አረንጓዴ ቆብ ያደረገች ሴት ወጣች። የልብ ሐኪሟ ናት፤ ሽቦውንም ያስገባችለት እሷ ነበረች።

"ጨርሰናል" አለች ሐኪሟ። "ደህና ናቸው። ነርሷን እያስቸገሩ ነው።"

እናትየዋ ጫማውን ደረቷ ላይ ለጥፋ "ተመስገን! ተመስገን!" አለች። 

"ኑ፣ ላሳያችሁ" አለች ሐኪሟ።

ትንሽ ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒዩተር ላይ፣ ግራጫና ጥቁር ምስል ከፈተችላቸው። የልቡ ሥሮች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተዘርግተዋል። ሐኪሟ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዱን ቅርንጫፍ ነካች። እዚያ ጋ መስመሩ ቀጠነ፣ ቀጠነና ክር አከለ፤ ከዚያ ወዲያ መልሶ ሰፋ።

"ይሄ ሽቦው ያለበት ቦታ ነው። ሽቦው አልተንቀሳቀሰም፣ አልተሰበረም። ግን ውስጡ ጠቧል።"

ሙግቴ ወደ ምስሉ ጠጋ አለች። እንዲህ ያለ ነገር በሥራዋ ስንት ጊዜ አይታለች! ቆርጣ አውጥታ፣ በብርሃን አጮልቃ አይታለች።

"ኖራ ይዞታል" አለች።

"ምን?"

"ኖራ ነው። ውሃው ይዞት ይመጣና ከብረቱ ላይ ይጋገራል። ለዚህ ነበር እኮ ፕላስቲክ ይሻላል የምለው..." አለችና አፏን ያዘች። እዚህም መሟገት!

ሐኪሟ ፈገግ አለች። "አይ፣ ኖራ አይደለም። ከደሙ መጥቶ የተጋገረ ነገር አይደለም። ከሥሩ ግድግዳ የበቀለ ሥጋ ነው።"

"ቧንቧ አይበቅልም።"

"ለዚህ ነዋ ቧንቧ ያልሆነው!" አለች ሐኪሟ። "ያኔ ሥሩን በፊኛ ስንከፍተውና ሽቦውን ስናስገባ ግድግዳው ትንሽ ይቆስላል። ሰውነት ቁስል ሲያይ ምን ያደርጋል?"

"ያድነዋል።"

"ያድነዋል። ሽቦውን ቀጭን ሥጋ ያለብሰዋል። እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። አንዳንድ ሰው ላይ ግን ሰውነቱ 'በቃኝ' አይልም። ሽቦው አሁንም ቁስል ይመስለዋል፤ ያለብሰዋል፣ ይደርብለታል፣ ደግሞ ይደርብለታል። እየተንከባከበው መንገዱን ይዘጋዋል። ሽቦው ይህን የሚያግድ መድኃኒት ተቀብቶ ነበር፤ ብዙ ሰው ላይ ይሠራል፣ ሁሉም ላይ ግን አይደለም። የአባትሽ ሥር ደግሞ ከጥንቱም ቀጭን ነው፤ የስኳር ሕመማቸውም ያግዘዋል።"

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን ወደ ሙግቴ ክንድ አዞረች። ከእጅ አንጓዋ ከፍ ብሎ፣ ወፍራምና የሚያብለጨልጭ ጠባሳ አለ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መጋዝ ነው። ልጅ ሆኜ።"

"ሲቆርጥሽ እንዲህ አብጦ ነበር?"

"ኧረ ቀጭን ጭረት ነበር። ሲድን ነው የወፈረው።"

"በቃ። አባትሽ ልብ ውስጥ ያለው የዚህ ወንድም ነው።"

ሙግቴ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።  ካልጠየቀች እንቅልፍ እንደማይወስዳት አወቀች።

"ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት አናድጄው ነበር።"

"ምን ብለሽ?"

"አይሆንም አልኩት።"

ሐኪሟ የቀረውን ጠበቀች። "ከዚያስ?"

"በቃ። አይሆንም ብቻ።"

ሐኪሟ ሳቋን ለመዋጥ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞረች። መልሳ ስትዞር ግን ፊቷ የምር ነበር። "ስሚኝ። ንዴት ለልብ ጥሩ ነው ብዬ አልዋሽሽም። ወንበር አትወራወሩ። ግን ይህ ሥጋ ሽቦው ከገባ ጀምሮ ለወራት ሲበቅል የከረመ ነው። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ቃል የሚበቅል ሥጋ የለም። ስመሽው ብትወጪም ዛሬ ወይ በሚቀጥለው ሳምንት አንዱ ደረጃ ላይ ይቀመጡ ነበር።"

"እኔስ?" አለች እናትየዋ ድንገት።  "እኔ ነኝ እንግዲህ የማበላው። መድኃኒቱንም እኔ ነኝ የምሰጠው። አንድ ቀን አዛንፌ ይሆን እያልኩ..."

ሙግቴ ዞር ብላ አየቻት። ለካ እናቷም አግዳሚው ላይ ጫማ ታቅፋ ያንኑ ስታብሰለስል ነበር።

"እማማ፣ በእርስዎ መድኃኒት ነው በእግራቸው የመጡት" አለች ሐኪሟ። "መድኃኒቱ ቢቋረጥ ሽቦው ላይ ደም ይረጋ ነበር። እሱ ደግሞ እንዲህ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ በድንገት ነው፤ ጊዜም አይሰጥም። ያ አልሆነም።"

"ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው?"

"የማንም አይደለም። ሰውየው አብዝተው ድነው ነው የታመሙት።"

"አብዝቶ ድኖ!" አለች እናትየዋ፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። "ድሮም ይሄ ሰውዬ ምን ነገር በልኩ ያውቃል!"

ሐኪሟ ሁለተኛውን ምስል ከፈተች። ያው ቅርንጫፍ ነው፤ አሁን ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሰፍቷል። መድኃኒት የተቀባ ፊኛ አስገብታ እንደ ነፋችው፣ መድኃኒቱ ሥጋውን "በቃህ" እንደሚለው፣ ተመልሶ ላለመጥበቡ ግን ማንም እንደማይምል፣ ስለዚህ ክትትሉ እንዳይቀር አስረዳቻቸው። ሙግቴ የሰማችው ግማሹን ነው። ዓይኗ ከሰፊው መስመር ላይ አልነቀል ብሏት ነበር። እፎይ አለች፤ ከሆዷ። ስምንት ወር ሙሉ ትከሻዋን ወደ ጆሮዋ ሰቅላ ስትኖር እንደ ነበረ ያወቀችው አሁን፣ ትከሻዋ ሲወርድ ነው።

ብረቱ የእጅ አንጓው ላይ ደም እንዳይፈስ ጠበቅ ያለ ማሰሪያ ታስሮለት፣ ትራስ ተደግፎ አገኙት። መልኩ ተመልሷል።

"አየሽ ፊልሙን?" አላት ገና በሩን ሳትዘጋ። "በእጄ ገብተው እኮ ነው! ከእጅ አንጓ እስከ ልብ! አንድ መገጣጠሚያ ሳይፈቱ! እኔ ደግሞ አንድ የታፈነ ቧንቧ ለመክፈት ስንቱን ግድግዳ አፈረስኩ።"

"ጸጥ በል፣ አትድከም" አለች ሚስቱ።

"ምን አደረግኩና ነው የምደክም? ተኝቼ ነው ያየሁት።"

ሐኪሟ ተከትላቸው ገብታ ነበር። "አባባ፣ ከታዘዘልዎት መድኃኒት ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?"

ብረቱ ጣሪያውን አየ። ግድግዳውን አየ። "ጠዋት ጠዋት... ትንሽ ኮምጣጤ።"

"ኮምጣጤ? ለምን?"

"ለኖራው።"

ሙግቴ ሳቋ ፈነዳ። ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "ኮምጣጤው ያለ ሰላጣ የሚያልቀው ለዚህ ነው ለካ! እኔ ደግሞ ጠርሙሱ ያፈሳል ብዬ ሁለት ጊዜ ቀየርኩት።"

"በኮምጣጤ የማይለቅ ኖራ የለም" አለ ብረቱ፤ ለሐኪሟ እንደ ሥራ ባልደረባ።

"ልብዎ ጋ አይደርስም። የሚልጠው ጨጓራዎን ነው" አለች ሐኪሟ። "ደግሞስ ለምን አስፈለገዎት? ምን ተሰምቶዎት?"

ብረቱ ዓይኑን ወደ ታሰረው እጁ መለሰ። ያን ጊዜ በጣም አርጅቶ ታየ። "ደረጃ ስወጣ ይይዘኛል" አለ በመጨረሻ። "ስቆም ይለቀኛል። ከወር በላይ ሆኖኛል።"

"ከወር በላይ!" አለች ሙግቴ። አራት ፎቁ ላይ "አንቺ ውጪና እዪው፣ እኔ እዚህ ልጠብቅሽ" ያላት ቀናት ትዝ አሏት። ስንፍና መስሏት በልቧ ታዝባው ነበር። "አባባ፣ ለምን አልነገርከንም?"

"ብነግራችሁ ምን ልትሉኝ?" አለ። "ያኔ ደግሞ በሹክሹክታ ልታወሩኝ ነው። አሁንስ ምን ቀራችሁ? እናትሽ ስተነፍስ ትቆጥራለች። ሬዲዮ ይዘጋ ስል ይዘጋል፣ ይከፈት ስል ይከፈታል። አንቺ... ባለፈው ውሃ ያለ ፓምፕ ሽቅብ ይወጣል ብዬሽ ነበር። ምን አልሽኝ?"

ሙግቴ ጎንበስ አለች። "እሺ አባባ።"

"እሺ አባባ! የቧንቧ ሠራተኛ ልጅ! እኔ ያሳደግኳት!" ድምፁ ተሰበረ። "ያን ዕለት ነው ሞቼ የቀበራችሁኝ የመሰለኝ። ሽቦው ሲገባ አልፈራሁም፤ ያን ዕለት ፈራሁ። ከግድግዳ ጋር ነው እኮ የኖርኩት።"

 ሚስቱ ጫማውን ቀስ አድርጋ አልጋው ሥር አስቀመጠችው።

"ዛሬ ጠዋት አይሆንም ስትይኝ ደስታዬን አትጠይቂኝ" አለ ብረቱ ለልጁ። "ምን ብዬ እንደምረታሽ እያሰብኩ ነው ምድር ቤት ዕቃ ቤት የወረድኩት። እኔ በወጣትነቴ ዘርግቼው ስንት ዘመን ያገለገለ ቧንቧ አለ፤ ቆርጬ ያስቀመጥኩት። ውስጡ እንደ መስተዋት ነው። እሱን ሳሳይሽ ምን እንደምትይ ልሰማ ነበር። እሱን ተሸክሜ ስወጣ ደረቴ ቀደመኝ።"

"ብረት ተሸክመህ? ደረጃ?" አለች ሚስቱ።

"አጭር ናት እኮ!"

ሙግቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ያልታሰረ እጁን ያዘች። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። እሱም ስታለቅስ ሲያያት ወሬ ለወጠ። "ያቺ ኮሪደር ላይ ያለችውን ቧንቧ ሰማሽ? ሲያሳልፉኝ ያልሰማኋት መስሏቸዋል። የውስጥ ጎማዋ አልቋል። ሂጂ ንገሪያቸው።"

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አስወጡት። ሐኪሟ ለጥቂት ቀናት መኪና እንዳይነዳ፣ በዚያ እጁም ከባድ ነገር እንዳያነሣ ነገረችው፤ እሱም እንደ ጨዋ ተማሪ ራሱን ነቀነቀላት። መኪና ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ ግን ወደ ሾፌሩ በር ሄዶ ቆመና ጤነኛ እጁን ዘረጋ።

"ቁልፉን።"

ከኋላዋ እናቷ ክንዷን ጎነጥ አደረገቻት። ሙግቴ "እሺ" ጉሮሮዋ ድረስ ሲመጣ ተሰማት፤ ልማድ ክፉ ነው። ሐኪሟ የነገረቻት ሁሉ በአንድ ጊዜ ጠፋባት። ከልቡ ውስጥ ያ ክር ያከለ መስመር ትዝ አላት። ከዚያ ደግሞ ሰፊው።

"አልሰጥም" አለች።

"ምን አልሽ?"

"አልሰጥም። ዶክተሯ አትንዳ ብላሃለች።"

"የማን መኪና ነው?"

"ያንተ ነው። ቁልፉ ግን እኔ ጋ ነው።"

"እማዬ ድረሺ!" አለች እናትየዋ፤ የምትጠራት የራሷን እናት ነው፤ ከሞተች ዘመን ሆኗታል። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ወሬው ስቦት ጠጋ አለ። ብረቱ ልጁን ከላይ እስከ ታች አያት። አንገቱ ቀላ። ሙግቴ ቆማ ጠበቀችው።

"ማርሽ አቀያየርሽ እኮ እንደ ወፍጮ ነው!" አለ ብረቱ። "ይቺን መኪና የገደልሻት አንቺ ነሽ!"

"እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው!"

"ክላቹን ማን በላው?"

"አንተ! እግርህን ክላች ላይ አሳርፈህ ነው የምትነዳው!"

"እኔ?" አለ ብረቱ፤ እያጉረመረመ ዞሮ በተሳፋሪው በር ገባ። የጥበቃ ሠራተኛው ከት ብሎ ሳቀ።

ፒክአፗ አንዴ ጠፍታ፣ በሁለተኛው ተነሣች። "አየሽ!" አለ ብረቱ። "ቤንዚኑን አፈንሽው።" አላፈንኩትም አለችው። ከሆስፒታሉ በር እስከ መጀመሪያው መብራት በቤንዚን ተሟገቱ። ከዚያ በባለፎቁ ቧንቧ ቀጠሉ። እሱ ሙቅ ውሃ ፕላስቲክን እንደ ማስቲካ ያለሰልሰዋል አለ፤ እሷ ዘመኑን አታውቅም፣ ፕላስቲክም ዓይነት አለው አለችው። አንድ ቦታ ላይ ሁለቱም አንድ ላይ ስለ ጮኹ ማን ምን እንዳለ አልተሰማም።

ሙግቴ በመስተዋቱ ወደ ኋላ አየች። እናቷ በኋላው ወንበር ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ ጥላ ተኝታለች። አፏ ተከፍቷል። ስምንት ወር ሙሉ የባሏን ትንፋሽ ስትቆጥር ያደረች ሴት፣ በዚህ ሁሉ ጩኸት መሐል እንቅልፍ ወስዷት ታንኮራፋለች።

መገንጠያው ላይ ደረሱ።

"በቀኝ" አለ ብረቱ። "በቀኝ ያጥራል።"

"በቀኝ ተቆፍሯል።"

"ማን አለሽ? ትናንት ነው የደፈኑት። በቀኝ ሂጂ አልኩሽ!"

ድምፁ ወፍራምና ሙሉ ነበር። ሙግቴ እጁ ወደ ደረቱ ሄዶ እንደ ሆነ ለማየት ልትዞር ቃጣትና ተወችው። ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ፍሬቻውን ወደ ግራ አበራችና ታጠፈች።